ጀልባ ላይ የተጫረ

ማክሰኞ
አስጠፊው ወይ ከቤቴ ውጪ አልኳት። ወጣች። ልብሷን በሁለት ፌስታል አጭቃ ፓልምስ ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ሄደች። ሊዲያ፣ የልጅ ልጄ። ዘነበች ባለቤቴ አዝላ ያሳደገቻት። ነፍሷን ይማረውና ዘነበች ይህን አለማየቷ።

ክንዷ ላይ በቻይና ፊደል ተነቅሳለች። አራት ፊደል። ፎቶውን መጀመሪያ በስልክ ላከችልኝ። የምግብ ቤት ታፔላ መስሎኝ የት ልትጋብዢኝ ነው ብዬ ነበር።

"እማዬስ አንገቷ ላይ ተነቅሳ የለ?" ትላለች። የዘነበች መስቀል ነው። ይኼ ስድብ ይሁን ድግምት ማን ያውቃል? ምን ይላል ብላት፣ "ስትረጋጋ እነግርሃለሁ።" አንተ ትለኛለች ደግሞ!

ረቡዕ
አልደወለችም። እኔም አልደውልም።
ሽሮ ሠራሁ። አረረ። በላሁት።
አሥር ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ፌርፋክስ ጎዳና ወረድኩ። ዘነበች ከሥራ ስትመለስ ከአውቶቡስ ትወርድበት የነበረው ቦታ። ፌርማታውን ከትራፊክ መብራቱ ወዲያ ወስደውታል። አግዳሚው ተነቅሎ የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል። እኔ እዚያው ነው የምቆመው። ባለሱቋ ዛሬም "ጋሼ፣ ባስ እዚህ አይቆምም እኮ" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

ሐሙስ
ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሚስተር ቼንን አገኘሁት። ከላይ ፎቅ የሚኖር ቻይና ነው፣ እንግሊዝኛው እንደኔ ስለሆነ እንግባባለን። ፎቶውን አሳየሁት። አየና በሳቅ ፈረሰ። ደሜ ፈላ።
ስድብ ነው? አልኩት። "ኖ፣ ኖ። ታሪክ።"

ሽማግሌው ተነሥቶ ባለጎማው የልብስ ጋሪ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አይል! ጀልባ ነው አለ። ቁልፉን ወለሉ ላይ ጣለ። ሰይፍ ነው፣ ወንዝ ውስጥ ገባ አለ። ሰይፉ በወደቀበት በኩል ጋሪውን በጥፍሩ ጫረ፣ ለምልክት። ከዚያ ግፋኝ አለኝ። እስከ ማድረቂያው ገፋሁት። የጫረበት ጋ እጁን ሰዶ ወለሉን ዳበሰ። ቁልፉ ማዶ ቀርቷል።
"ጀልባ ሄደ። ሰይፍ አልሄደ። ይኼ ሰው ሞኝ" አለ። በነሱ አገር ይኼን ሁሉ በአራት ፊደል ይሉታል።

እሰይ! ሞኝነቷን በገዛ ክንዷ ይዛ ትዞራለች። አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ።

ዓርብ
አልነገርኳትም። ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ብነግራት ታፍራለች፣ ካፈረች አትመለስም። ባልነግራት ያወቀ ሁሉ ይስቅባታል።
አሥር ሰዓት፣ ፌርፋክስ። የብሎኑ ቀዳዳ ላይ ቆሜ አውቶቡሱ አለፈኝ። ወዲያ ሄዶ ቆመ፣ ሰው አወረደ። የሚስተር ቼን ቁልፍ ትዝ አለኝ። እዚያ ጋሪ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ
ደወልኩ። ያ ጽሑፍ ብዬ ስጀምር፣ "የጀልባው ነገር ነው?" አለችኝ። ታውቃለች! ሞኝ ማለት እንደሆነም ታውቃለች።
ታዲያ ምን አስነቀሰሽ? ብላት፣ እሷም የዘነበች ስልክ ቁጥር ላይ እስካሁን እንደምትደውል ነገረችኝ። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሰውየው ሃሎ ሲል ትዘጋለች። "አንተ ባስ ስቶፑ ጋ፣ እኔ ስልኩ ላይ። ያው ነን፣ አባባ።"
ማስጠፋቱ ያማል? አልኳት። "በጣም።" እንግዲያው ይቅር። ቤተ ክርስቲያን ግን እጅጌ ያለው ነው የምትለብሺው። "አባባ ደግሞ!" ይኼን አልለቅም።
ነገ አሥር ሰዓት ላይ በባስ እመጣለሁ ብላለች። እርግጠኛ ሆና አይደለም ያለችው።

እሁድ
ዛሬ ከመብራቱ ወዲያ፣ አዲሱ አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ባለሱቋ በር ላይ ወጥታ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሽሮ ሠርቻለሁ፣ አላረረም።
አንዱ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። የለችበትም።
ሌላው ይታየኛል። ቀይ መብራት ይዞታል።