ሁሉም ያለፉት ፈተና

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ቢሮ ነኝ። ጃኬቴን አላወለቅሁም፤ የእንጅባራ ብርድ ከግድግዳው ነው የሚወጣው። ኮምፒውተር ከፈትሁ። ሠላሳ ስድስት ሠራተኛ፣ ሠላሳ ስድስት አረንጓዴ ምልክት። የጽዳት ኬሚካል አያያዝ ትምህርቱን ሁሉም በስልካቸው ጨርሰው ፈተናውን አልፈዋል። ወ/ሮ ጥሩወርቅም። ከመቶ መቶ።

እሳቸው ከተጎዱ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን። የወተቱን ታንክ ሲያጥቡ የጽዳት ፈሳሹ ተረጨባቸው። ግራ ዐይን። ትምህርቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ይህን ስነግርህ ምንም አይሰማኝም፣ ደብተሬ። እጄ ብቻ ይጽፋል።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሥ/አስኪያጁ የቴሌግራም ግሩፕ ሊንክ ላከልኝ። ለየመ/ቤታቸው የኦንላይን ስልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ አ.አ.። ብቻህን አትልፋ፣ ከባለሙያዎች ተማር አለኝ። ስለ ወ/ሮ ጥሩወርቅ አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ተቀበሉኝ። አድሚኗ ራስህን አስተዋውቅ አለች። ስም፣ የት እንደምሠራ፣ የምኮራበት ሥራ። ጻፍሁ፦ እንጅባራ፣ ወተት ማቀነባበሪያ፣ የስልጠና ባለሙያ። ሠራተኞቼ በሙሉ ፈተናውን አልፈዋል። ጭብጨባ ወረደልኝ። አንዱ እንዴት እንደተሳካልኝ እንዳካፍለው ለመነኝ።

ስልኬን በፊቱ ደፋሁት። ምሳ ሽሮ በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ጠዋት ኔትወርክ የለም። ከሰዓት መጣ። ግሩፑ ውስጥ ክርክር ነው፤ ቪዲዮ ስንት ደቂቃ ይሁን፣ ጥያቄ ስንት ይብቃ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ይረዳዳሉ። ሄለን የምትባል አንዲት አሠልጣኝ ጠየቀች፤ ሠራተኛ ሲማር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየ አለ? ማንም አልመለሰላትም።

እኔም አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጥሊሊ፣ ወ/ሮ ጥሩወርቅ ቤት ሄድሁ። ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ግራ ዐይናቸው በፋሻ ታሽጎ። በአማርኛ ሰላም አልኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በቃ። በአዊኛ ደገምሁት። ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ ይህን ቋንቋ ከእናቴ ቤት ውጭ አውጥቼው አላውቅም።

"የኛ ልጅ ነህ እንዴ?"

"ነኝ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ትምህርት በአማርኛ ለምን አደረግኸው?"

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ፈተናውን እንዴት እንዳለፉ ጠየቅሁ። የሚነኩትን መልስ ልጃቸው እያሳየች፣ እሳቸው እየነኩ። አልተቆጡኝም። ፋሻው ሲነሣ ዐይናቸው ብርሃን ያያል፣ ሰው ግን አይለይም። የትምህርቱን ቪዲዮ ከፍቼ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ተረጎምሁላቸው። መነጽሩ። ጓንቱ። ፈሳሹ ውኃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃው ፈሳሹ ላይ አይጨመርም።

"እኔ ውኃውን ነው የጨመርሁበት" አሉ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ግሩፑ ላይ ጻፍሁ። ሁሉም አልፈዋል ያልኋችሁ እውነት ነው፤ አንዲት እናት ግን አንድ ዐይናቸው ጠፍቶ ሊቀር ነው፤ ያስተማርኋቸው በማይሰሙት ቋንቋ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሄለን ለብቻዬ ጻፈችልኝ። በእሷ መ/ቤትም አንድ ልጅ እጁን ማሽን በላው። እሱም ከመቶ መቶ ነበረው። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከዚያስ ምን አደረግሽ አልኋት። ማሽኑ ድረስ ወርጄ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሜ ከሀ ጀመርሁ አለች።

ያለችውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አላለቀስሁም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ሥ/አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ትምህርቱን ከስልካቸው ላነሣው ነው፣ በአዊኛም ይሠራ አልሁ። ተቆጣጣሪዎች የስልጠና መዝገቡን ሊያዩ ሊመጡ ነው፣ እነሱ ይሂዱና እናየዋለን አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ግን ቢሮዬ ገብቼ አነሣሁት።

ጥሊሊ ደወልሁ። እትዬ፣ ሠራተኞቹ ፊት ቆመው፣ በንጹሕ ውኃ ብቻ፣ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ያሳዩልኝ ይሆን?

"እመጣለሁ" አሉ። "አንተ ግን በግራዬ በኩል ቁምልኝ። በዚያ በኩል ሰው ሲመጣ አላይም።"

ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር። ለሥ/አስኪያጁ አልነግረውም። በግራቸው እቆማለሁ።