ለብቻ ለሚበላ ሰው ግማሽ ዋጋ ላወጁት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በዚህ ዘመን ከጤንነትም በላይ ብርቅ ለሆነው የምግብ ፍላጎትዎም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ ሌሊት ዳቦ እየጋገርኩ ቀን የምተኛ ደንበኛዎ ነኝ። ባለቤቴ ከእርስዎ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ባለው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቀን ቀን ትሠራለች። እርሷ ስትገባ እኔ ስወጣ በር ላይ ቁልፍ ተቀባብለን የምንለያይ ሰዎች ስለሆንን፣ ሁለታችንም ነቅተን ፊት ለፊት የምንተያየው ሐሙስ በምሳ ሰዓቷ ብቻ ነበር። ያችኑ ሰዓት እርስዎ ዘንድ እናሳልፋት ነበር፤ በኋላ ግን ዋጋው አልቀመስ ሲል እግራችንን ሰበሰብን።

ከዚያ እርስዎ አምላክ ይስጥዎና፣ ሐሙስ ለብቻው ለሚመጣ እንግዳ ምሳ በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ በመስታወቱ ላይ ለጠፉ። በዚህም ምክንያት እኔና ባለቤቴ፣ ልጅ ድረን የልጅ ልጅ ያየን ሰዎች፣ አንዳችን ቀድመን አንዳችን ዘግይተን እየገባን፣ እንደማይተዋወቅ ሰው ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጠረጴዛዎች መቀመጥ ጀመርን። እርሷ ግድግዳውን እያየች፣ እኔ ሾርባዬን እያየሁ፣ ስለ ልጃችን፣ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ጉልበቴ ሕመም በሹክሹክታ ስናወራ ከረምን። እውነቱን ለመናገር፣ ካገባኋት ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጫት አላውቅም።

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

1ኛ. ለብቻው የመጣ ሰው ሾርባ ከሌላው ሰው ሾርባ የቀጠነ ነው። ብቸኛ ሰው መወፈር እንደሌለበት አስበውልን ከሆነ ስለ አሳቢነትዎ እናመሰግናለን።

2ኛ. ለብቸኞች የተመደቡት ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ የእጅ መታጠቢያው ሥር ናቸው። እጁን ታጥቦ የሚያራግፍ ሁሉ ምሳዬን ያጠምቅልኛል።

3ኛ. የተያዝንበትን መንገድ በተመለከተ፤ እኔ ሽንኩርት አልወድም፣ ባለቤቴ ትወዳለች፤ ከተጋባን ጀምሮ ከሳህኔ ላይ እየለቀመች የምትበላልኝ እርሷ ናት። አንድ ሐሙስ እጇ ሳታስበው ልማዱን ተከትሎ ወደ ጠረጴዛዬ ተሻገረና ሽንኩርቴን አነሳ። የአስተናጋጆቹ አለቃ አየ። የማላውቃት ሴት ከሳህኔ ስታነሳ ዝም ማለቴ እንዳጋለጠን የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለዚህ ንቁ ሠራተኛዎ የደመወዝ ጭማሪ እንዲያስቡለት አደራ እላለሁ።

4ኛ. ጉዳዩ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ፣ ግማሽ ዋጋውን ከፈለግን እርሷ በሩ አጠገብ፣ እኔ መታጠቢያው ሥር እንድንቀመጥ፣ አንዳችን ወደ ሌላው ጠረጴዛ ከሄድን ግን ሁለታችንም ሙሉ ዋጋ እንድንከፍል ወሰኑ። ፍርድ ቤት እንኳ ባልና ሚስት ሲያለያይ ምክንያት ይጠይቃል፤ እርስዎ ግን በደቂቃ ጨረሱልን። እኛም እሺ አልን፤ ቢያንስ ከሩቅ እንተያያለን ብለን።

5ኛ. ያለፈው ሐሙስ። ባለቤቴ ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። ሹካዋን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ከአዳራሹ ማዶ በዓይኔ ብጠይቃት፣ ፊቷን በናፕኪን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ሲቀንስ እርሷንም እንዳሰናበታት ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ የማውቀው ሚስቴ እያለቀሰች እኔ በቅናሽ መቀመጤን ብቻ ነበር። ሳህኔን ትቼ፣ አዳራሹን አቋርጬ፣ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። እንባዋ ሳይደርቅ ሒሳብ መጣ፤ የሁለት ሰው፣ ሙሉ ዋጋ። ስለ ቅልጥፍናው አመሰግናለሁ፤ ሾርባው አንድም ቀን እንዲህ ፈጥኖ መጥቶልን አያውቅም።

ከፈልኩ። አልተጸጸትኩም፤ ግን ደክሞኛል። ርካሽ ምሳ ፍለጋ መዞሩ አይደለም ያደከመኝ፤ ከገዛ ሚስቴ ጋር ለመቀመጥ አላውቃትም ማለት ያደክማል። ይህንን የምጽፈው ገንዘቤ እንዲመለስልኝ አይደለም። ባለቤቴ ከእንግዲህ ቤት ስለምትውል ፊት ለፊት ለመተያየት ጊዜ ሞልቶናል፤ የጎደለን ምሳው ነው። ይልቅ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ግድግዳ እያዩ ሲያወሩ ካገኙ፣ ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉላቸው።

ስለ ቀጭኑ ሾርባዎ፣ ስለ ፈጣኑ ሒሳብዎና ስለ አለቃው ዓይን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በማያልቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የመታጠቢያው ሥር ብቸኛ ደንበኛዎ የነበርኩት፣
የአንዲት ሴት ባል

ማስታወሻ፦ የባለቤቴን እጅ ይዤ ቀና ስል፣ ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ምሳ ሲበሉ አየሁዎት። ፊት ለፊትዎ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አስተናጋጇን ብጠይቃት ሁልጊዜም እንዲሁ እንደሚበሉ ነገረችኝ። በራስዎ ማስታወቂያ መሠረት ግማሽ ዋጋ ይገባዎታልና፣ እባክዎ ሳያፍሩ ይጠይቁ።