ፍሪሲዮን የሌለው መኪና

ሰኞ

መጣ! ነጩ መኪና ዛሬ መሥሪያ ቤታችን ግቢ ገባ። መኪና ልበለው ሳሎን? ወንበሩ ሶፋ ነው፣ መስኮቱ ጣት ሲነካው ራሱ ይወርዳል፣ ማሞቂያ እንኳ አለው። የውጭ አገር ሰዎች ፕሮጀክታቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተዉት ነው። የቢሮው ሹፌር እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሮጌዋን ጂፕ ነዳሁ ከምል ገፋሁ ብል ይሻላል።

ግን ነገር አለው። ጋሽ ደሴ የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ ከጎንደር አብረው መጥተዋል። ሐሙስ ሊፈትኑኝ ነው፤ እኔ እየነዳሁ በጉና አቀበት ገሳይ ደርሰን እንመለሳለን። ካለፍኩ መኪናው እዚሁ ደብረ ታቦር ይቀራል፤ ከወደቅኩ ጎንደር ይወስዱታል። ኃላፊያችን ጓድ ምስጋናው፣ "የሴት ነገር፣ እንዳታሳፍሪን አደራ" አለኝ። "የሴት ነገር" የምትለዋን ዋጥኳት።

ማክሰኞ

ጉድ ፈላ። መኪናው ፍሪሲዮን የለውም! ማርሹን የሚቀይረው ራሱ ነው። ያለው ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ብቻ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ እግሬ እምቢ አለ። የለመደውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ይሄድና ፍሬኑን ድብን አድርጎ ይረግጠዋል። ግቢው ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ቀጥ አደረግኩት። ከኋላ የተቀመጠውን የጓድ ምስጋናውን ግንባር ከፊተኛው ወንበር ጋር አሳሳምኩት። ዘበኛው ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ "እትዬ ዘውዴ፣ እልኸኛ በቅሎ አደረጉት እኮ!"

ጋሽ ደሴ ግን ትንሽ ደብተር አውጥተው የሆነ ነገር ጻፉ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ረቡዕ

ለባሌ ለአያሌው ነገርኩት። "ግራ እግርሽን ቤት ትተሽው ሂጂ" ብሎኝ አረፈ። አስተማሪ ተብዬ!

ግን ነገሩ ሐሳብ ሰጠኝ። መቀነት! እግሬን ከወንበሩ እግር ጋር ባስረውስ? ቤት ውስጥ ሞከርኩት። አይነቃነቅም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ለነገ፦ ረጅሙ ቀሚስ (መቀነቱን እንዲሸፍንልኝ)፣ ጋቢ፣ ቆሎ፣ መንጃ ፈቃድ።

ሐሙስ



ጠዋት ሰው ሳይመጣ ገብቼ እግሬን አሰርኩ። ወጣን። እንዴት ያለ ጉልበት ነው እናንተ! ጂፗ እያለቀሰች የምትወጣውን የጉናን አቀበት እንደ ሜዳ በላው። ውጭ ንፋሱ ያፏጫል፣ እኛ ዘንድ ጓድ ምስጋናው ሞቆት ኮቱን አወለቀ። ዘፈን አማረኝ።

ገሳይ ስንቆም ሰው ከበበን። አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ፣ ሰዉም እንድወርድ መንገድ ለቀቀ። እንዴት ልውረድ? ታስሬያለሁ! አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። "መኪና ላይ ሲወጡ ለቄስም አይወረድ!" አለች አንዲት ሴት እንድሰማት። የቄሱ ፊት ጠቆረ። ጓድ ምስጋናው መስቀሉን እንዳላየ ተራራውን ያጠናል። እኔ አላስቻለኝም።

"አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ንቄ አይደለም፣ እግሬ ታስሮ ነው!" ብዬ መቀነቱን አሳየሁ።

ጋሽ ደሴ ጎንበስ ብለው አዩ። አለቀልኝ አልኩ።

"መኪናው ቢገለበጥ በምን ልትወጪ ነበር፣ አንቺ ልጅ? በይ ፍቺው!" በአርባ አምስት ዓመቴ አንቺ ልጅ ተባልኩ።

ወርጄ ተሳለምኩ። ቄሱ፣ "አመፀኛው የቱ ነው?" ብለው ግራ ጫማዬን በመስቀላቸው ነካ አደረጉት። ያቺ ሴት ሳትቀር ሳቀች።

"የመልሱ ጉዞ ያለ መቀነት ነው" አሉ ጋሽ ደሴ። "አንዴ በግራሽ ከረገጥሽ ቁልፉን እቀበልሻለሁ።"

ቁልቁለቱ ላይ ጭጋግ ወረደ። ግራ እግሬን ወንበር ስር ሰብስቤ "ተቀመጥ፣ ተቀመጥ" እለዋለሁ። ድንገት ከጭጋጉ ውስጥ በጎች! ቀኝ እግሬ ቀስ አድርጎ ፍሬኑን ያዘ። መኪናው በእርጋታ ቆመ። ግራውስ? ንቅንቅ አላለም!

ጋሽ ደሴ በጎቹ እስኪያልፉ ቆሎዬን ዘገኑ። "ይበቃል" አሉ። ፈተናው ይሁን ቆሎው አልገለጹም፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ዓርብ

ጋሽ ደሴ ጎንደር ገቡ፤ በአውቶቡስ! መኪናው ግቢያችን ቆሟል። "ብቁ ናት" ብለው ፈርመውልኛል፣ ሁለቴ አነበብኩት።

ከሰዓት ጓድ ምስጋናውን ለስብሰባ ላደርስ ቁልፉን ይዤ ገባሁ። እሱም ገብቶ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ኧረ ቀስ በይ፣ ዘውዴ!"

ገና ሞተሩን አላስነሳሁም።