ለአራቱ ቀፎ ያጠጣሁት መድኃኒት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለተሻለች፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? የጅቡቲ ወበቅ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለው? እኛ ድሬ ያለነው፣ ከአንድ ነገር በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን ማን ጻፈለት እንዳትዪ፤ ራሴ ነኝ። ከማታ ትምህርት አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጡት ሽማግሌ የፈተና ቀን መነጽራቸውን ረስተው ነበር፤ እሱን ለማንም አላወራሁም። አሁን ሳላነበው የሚያልፈኝ ታፔላ የለም። ባለቤቴ እፀገነት «አቦ፣ በልብህ አንብብ» እያለች ትቆጣኛለች።

ጉዳቴም ከዚሁ መጣ። አባባ ሐርላ መንደር ትቶልን የሄደውን አራት ቀፎ አደራ ስትሰጪኝ፣ ከጉንዳን ጠብቃቸው፣ ሌላ ነገር ካየህ ለእኔ ደውል ብለሽኝ ነበር። በየካቲት የአንደኛው ንቦች ደከም አሉ። ቀፊራ ገበያ ሄጄ የዶሮ መድኃኒት ገዛሁና ሱቁ በር ላይ ቆሜ «ጀርም ይገድላል» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፤ ደስ አለኝ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ስለነበር ተውኩት። በስኳር ውሃ በጥብጬ፣ ጤነኞቹም አይቅርባቸው ብዬ ለአራቱም ሰጠሁ።

ወር ሳይሞላ ሦስቱ ቀፎ ዝም አለ። ከቀፎዎቹ ሥር የወደቀው ንብ የተደፋ ማሽላ ይመስል ነበር።

የንብ ባለሙያዋን ፊርዶስን ለምኜ አመጣኋት። በንብ አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደግ ተሕዋስያን አሉ፤ የበላችውን የሚያብላሉላት፣ በሽታ ሲመጣም የሚመክቱላት እነሱ ናቸው፤ መድኃኒትህ እነሱን ጨርሶ ንቦቹን ለበሽታ ሰጣቸው አለችኝ። መጀመሪያም ያደከማቸው አበባ ማጣት ነው፤ የስኳር ውሃው ብቻውን ይበቃቸው ነበር አለች። ይህቺ ቃል እስካሁን አልወጣችልኝም።

የተረፈው አባባ በእጁ የሠራው ቀፎ ነው፤ እሱም ሳስቷል። አዲስ የተፈለፈለች ንብ እነዚያን ተሕዋስያን ይዛ አትወለድም፣ ከታላላቅ እህቶቿ ነው የምትቀበለው ስላለች፣ ጀልዴሳ ካለው ከንብ አርቢው ከሙስአብ ጤነኛ ቀፎ ንብ ያለበት የማር እንጀራ አምጥታ ጨመረችበት። ይተርፍ እንደሆን አላውቅም።

ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ ስለ ሙቀት አውርቼ ዘጋሁ። በእጄ የምጽፍልሽ የመጀመሪያው ደብዳቤ ጉራ ብቻ እንዲሆን ነበር ሐሳቤ። ንብ እንኳ ከታላቅ እህቷ ትቀበላለች፤ እኔ ማንበብ ቻልኩ ብዬ አንቺን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ያንን ደቃቅ ጽሑፍ አሁን አንብቤዋለሁ፤ «ከመስጠትዎ በፊት ባለሙያ ያማክሩ» ይላል። ይቅር በዪኝ።

እፀገነት በጣም ናፍቀሻታል። ልጃችን ዮርዲ ጥርሷ ወልቆ እየሳቀች ሰላም ትልሻለች። ለባልሽ ለይትባረክ፣ ለትንሿ ሰገልም ሰላምታዬ ይድረስ። መልስሽ ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ፤ አሁን እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ።

ወንድምሽ ዓብዩ ገብረወልድ
ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.