የዞረው እግር

የካቲት 3
የፀጉር ቤቱን ታፔላ ጨረስኩ። ባለቤቷ አየችና "የሳልካት ሴትዮ ታስፈራለች" አለችኝ። "ፈርተው ነዋ ሊሠሩ የሚገቡት!" አልኳት። ሳቀች፤ ግን እንደገና ሳል አለች። ነገ።

ራት ላይ የእህቴ ልጅ ወሬ ይዛ መጣች። የምትደንስበት ቡድን ከሥዕሎች ተነስቶ አዲስ ዳንስ ሊሠራ ነው። ከታወቁት ሠዓሊዎች መሀል አንድ የእኔ ሥዕልም ይግባ ብላለች። ማንም ያላስተማረኝ የእኔ! አሠልጣኙ መጥቶ ያያል።
"አጎቴ፣ እባክህ እንዳታሾፍበት።"
እኔ? መቼ አሹፌ አውቃለሁ?

የካቲት 5
መጣ። በዚህ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሟል። ባለሻርፑ ብዬዋለሁ። ሳሎን የተሰቀለችው፣ ወንበር የተሸከመችው ሴትዮ ፊት ቆሞ ቀረ።
"አንድ እግሯ ለምን ወደ ኋላ ዞረ?"
ምን ልበለው? እግር መሳል አልችልም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎቼን ሣር ውስጥ የማቆማቸው እግራቸውን ልደብቅ ነው። ይቺን ስሠራ አረንጓዴው አለቀብኝ...
"ወደ ፊት እየሄደች ልቧ ግን ኋላ ቀርቷል" አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው! እህቴ ሳቋን ልትውጥ ወደ ጓዳ ሮጠች።
ሥዕሏን ተሸክሞ ሄደ። ከመድረኩ በላይ ትሰቀላለች አለ።

የካቲት 14
ልምምድ ልይ ሄድኩ። የድሮ መጋዘን ነው፤ ወለሉ ጥቁር ላስቲክ ተነጥፎበታል፤ ሥዕሌም ከላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ሥዕሉ ላይ ያለውን አቋም ሳያዛንፉ መያዝ። የእህቴ ልጅ ብቻዋን ወጣች። ወንበሩ ጭንቅላቷ ላይ፤ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ ጠምዝዛ ወደ ኋላ አዞረች። እስከ ሠላሳ ተቆጠረ። ፊቷ አመድ መሰለ።
"ጨምሪ! ሥዕሉ ላይ ከዚህ በላይ ነው የዞረው!" ይላል ባለሻርፑ።


የካቲት 15
ጉልበቷ አብጧል። በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ይዛበታለች።
"ስህተቱ የእኔ ነው፤ እግር መሳል አልችልም" አልኳት።
"አጎቴ፣ አሁን አትቀልድ።"
"እውነቴን ነው፣ ስሞት!"
"በቃ ዝም በል! ከአሥራ አንድ ሰው መሀል ብቻዬን የምወጣው ለምን ይመስልሃል? ያንን አቋም የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው!"
እህቴም ዞረችብኝ። "ልጄን የሰበራት ያንተ አፍ ነው።"


የካቲት 17
መጋዘኑ ሄጄ ዳንሰኞቹ ሁሉ እየሰሙ ተናዘዝኩ። እግሩ ስህተት ነው፤ ልቧ ምናምን ያልኩህም በቆምኩበት የፈጠርኩት ነው፤ ልጅቷን ልቀቃት። ባለሻርፑ ሳቀብኝ።
"ሠዓሊ የራሱን ሥራ አያውቅም።"
"የእሷን ጉልበትስ ማን ያውቃል?"
"ካልቻለች ትውጣ። የእርስዎ ሥራ ታፔላ ነው፤ ሄደው ይጻፉ።"
እሷ ጥግ ላይ ሆና ፊቷን አዞረችብኝ። በእኔ ላይ እንጂ በእሱ ላይ አይደለም።
አልለቀውም።

የካቲት 20
ምሳ ሲወጡ ጠብቄ ጥበቃውን "ሥዕሏን ቫርኒሽ ልቀባት ነው" አልኩት። አስገባኝ። መሰላል፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ሰፊ ብሩሽ። እስከ ጉልበቷ ድረስ ሣር አበቀልኩባት። በዕድሜዬ እንዲህ ያማረ ሣር ሠርቼ አላውቅም።
መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ባለሻርፑ ደረሰብኝ።
"አንተ ሽማግሌ! ምን አደረግህ?"
"ዝናብ ጥሎ ነው" አልኩት። ምነው ያኔ እንኳ አፌን በያዝኩት...
መሰላሉን ያዘና ነቀነቀው። እንደ ምንም ወረድኩ። "ከነሥዕልህ፣ ከነዘመድህ ውጣልኝ!" አለ። የእህቴን ልጅ ክፍል ከትርኢቱ አወጣው። እሷንም ከቡድኑ።
እቤት ስደርስ ሰምታ ጠበቀችኝ። "ሰባት ዓመት ለፍቼበታለሁ" አለች።  በሩን ዘጋችው።

የካቲት 28
ትርኢቱ ዛሬ ነው። እኛ ቤት ማንም አያነሳውም። የእህቴ ልጅ ስምንት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። እኔ ስገባ እሷ ትነሳለች። ምሳ ላይ "ጉልበትሽስ?" ብላት ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። እህቴ "ተዋት" አለችኝ፤ እሷም ቢሆን ዓይኔን አታይም።
ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወዴት እንደሆነ ማን ይነግረኛል? በመስኮት አየኋት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሮጠች። ሳታነክስ። ደረሰችበትና ዘላ ገባች።
ልጠራት መስኮቱን ከፍቼ ነበር... ምን ልላት? መልሼ ዘጋሁት።