ስለ ተቆለፈው የዓይን መታጠቢያ

ለተከበሩ የልብስ እጥበት ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ጤናዎ፣ በተለይም ለሁለቱም ዓይኖችዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት እየገለጽኩ፣ ከክፉ ዓይንም ይሰውርዎ እላለሁ። እኔ በካውያ ክፍል የምሠራ፣ ባለፈው ሰኞ በረኪና ዓይኗ ውስጥ የተረጨባት አጣቢ ታላቅ እኅት ነኝ። የታናሼ ፋሻ ነገ ጠዋት ይፈታል፤ ቀኝ ዓይኗ ያይ እንደሆነ ሐኪሟም ገና አላወቀችም። እስኪነጋ ቁጭ ብድግ ከምል ምስጋናዬን ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

፩. በማጠቢያ ክፍሉ ያስተከሉልን የዓይን መታጠቢያ እጅግ ያምራል። እንዳይቆሽሽብን በብረት ፍርግርግ አጥረው፣ ያን ሰኞም ቁልፉን ኪስዎ ከተው ስብሰባ መሄድዎ ለንብረት ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። ጎብኚዎችም በፍርግርጉ በኩል አድንቀውታል።

፪. ምክትልዎ የእኅቴን ጩኸት ሰምተው ፈጥነው በመምጣት፣ ዓይኗን እንድታሸው፣ ካልሆነም እንድታለቅስ፣ እንባ ራሱ እንደሚያጥበው መክረዋታል። ውሃ ለመቆጠብ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ሐኪሟ ግን ሌላ ነገር ነገረችን፦ ኬሚካል የገባበት ዓይን ፈጽሞ አይታሽም፣ ሌላ መድኃኒት ነው የተባለ ነገርም አይጨመርበትም፤ ራስ ወደ ተጎዳው ዓይን ዘንበል ብሎ፣ የዓይኑ ቆብ በጣት ተከፍቶ፣ ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳይቋረጥ ይታጠባል፤ ከዚያም የኬሚካሉን ዕቃ ይዞ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

፫. እኛ «አባባ ጎማ» የምንላቸው አትክልተኛ፣ እኅቴን ጎትተው ከቢሮዎ ፊት ካለው የአበባ መደብ ላይ አስተኝተው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ክፈቺው፣ ክፈቺው» እያሉ በማጠጫ ጎማቸው አጠቧት። በማግስቱ አበባ አስረግጠዋል ብለው ማስጠንቀቂያ ስለሰጧቸው እናመሰግናለን።

፬. «ዓይናችንን እንጠብቅ» የሚለው ማስታወቂያም ማክሰኞ ተለጥፎልናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነውር ይሆንብኛል። መከላከያ መነጽር ያለው ግን ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። ዓይኗ ለደከመው እናታችን መርፌ ላይ ክር የምታስገባላት ይህችው ታናሼ ናት። ነገ ፋሻው ሲፈታ ፊት ፊቷን እንዴት እንደማያት አላውቅም።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከአክብሮት በቀር ሌላ ነገር በልቤ የለም።

ውለታዎን ለጊዜው በሁለት ዓይኗ የምታይ፣
የካውያ ክፍል ሠራተኛዎ

ሳልረሳው፦ ቁልፉን በመሸከም ከእንግዲህ አይድከሙ። ዛሬ ከሥራ ስንወጣ እኔና አባባ ጎማ ፍርግርጉን በመዶሻ ሰብረነዋል። መታጠቢያውን ብንከፍተው ጠብታ አልወጣውም፤ ጀርባውን ብናይ የውሃ መስመር ጭራሽ አልተዘረጋለትም። ስለዚህ የአበባውን ጎማ ነቅለን ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ አስረነዋል። አበባዎ ከጠማው ምክትልዎ ያልቅሱለት።