ለሐያት የሰጠኋት መጽሐፍ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የት/ቤታችን የንባብ ክበብ ዛሬ ሞልቷል። አዲሶቹን መጻሕፍት አስተዋወቅሁ። ለትንንሾቹ ጥርሱ ስለወለቀው ጅብ፤ ሳቁ። ለትልልቆቹ በበረሃ አድርጋ ወደ ዓረብ አገር ስለሄደችው ልጅ። ጥቂት አንብቤ መሐል ላይ አቆምኩ፣ ሆን ብዬ። ሐያት፣ የ8ኛ ክፍሏ ዝምተኛ፣ ከሁሉም ቀድማ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። እዚህ መርሳ ከተማ ልጆች መጽሐፍ ሲሻሙ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል፣ ማስታወሻዬ፣ አንቺ አታውቂውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሐያት ት/ቤት አልመጣችም። ጓደኞቿን ጠየቅሁ። በኋላ አንዷ ተናገረች። ትናንት ጠዋት ቦርሳ አንግታ መናኸሪያ ታይታለች። መጽሐፉን በእጇ ይዛ።

መጽሐፉ ውስጥ ጥሙም፣ ዱላውም፣ ሞቱም አለ። ግን መንገዱም አለ። ደላላው ምን እንደሚል፣ የት እንደሚታደር። ትማርበታለች ብዬ ነው የሰጠኋት። መንገድ መሪ አድርጋው ቢሆንስ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ር/መምህሩ አስጠራኝ። አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ነገሩ እስኪጣራ ለተማሪ ልብ ወለድ እንዳልመክር ነገረኝ። እሺ አልኩ።

ከሰዓት አባቷ መጡ። አባባ ሰይድ፣ ገበሬ ናቸው። ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«መጽሐፉን የሰጠሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ምን ይላል?»

ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። «አላህ ያውቃል» ብለው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ወሬ የለም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ልጆች አዲስ መጽሐፍ አምጪ አሉኝ፤ የሒሳብ መልመጃ ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ተገኘች። አልሐምዱሊላህ።

ሐራ ከተማ ነበረች፣ አክስቷ ቤት። አክስቷ፣ አባቷ ፈቅደው የላኳት መስሏቸው ለማንም አልተናገሩም። ለካስ የአክስቷ ልጅ ከደላላ ጋር ተስማምታ፣ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ተነሥታ ነበር። ምስጢሩን የምታውቀው ሐያት ብቻ። መጽሐፉን ልታነብላት ነው የሄደችው።

ታዲያ የአክስትሽ ልጅ ቀረች ወይ አልኳት ሐያትን።

«መጨረሻውን ሳልሰማ አልሄድም አለች፣ ቲቸር። ጨረስኩላት። አሁን ዝም ብላለች።»

ዝም ብላለች። ይህ ምን ማለት ነው? ሐያትም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አባባ ሰይድ ተመለሱ። ዛሬ ገቡ፣ ተቀመጡም። ትናንት ማታ ሐያት ለቤቱ ሰው ሁሉ አንብባለች። እናቷ አልቅሰዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወንዶቹ ልጆቼም ልባቸው ዓረብ አገር ነው። ይሄ የሴት ታሪክ ነው ይሉኛል። ለወንድ የሚሆን የለሽም?»

መደርደሪያውን አገላበጥኩ። የለም። ቢኖርም መጽሐፍ ሰው ያስቀር እንደሆነ አላውቅም፣ ልዋሽዎት አልችልም አልኳቸው።

«እኔም አላውቅም። ብቻ ፈልጊልኝ።»

እሳቸውን ሸኝቼ ር/መምህሩ ዘንድ ገባሁ። መምከሬን አላቆምም፣ ከፈለግህ እያንዳንዱን አንተ ቀድመህ አንብበው አልኩት። ነገሩን በጽሑፍ አድርጊው አለኝ። ምን እንደሚከተል እንጃ፤ እፈራለሁ። ግን ነገ ክበቡ አለ። ከክበቡ በኋላ ወልድያ እሄዳለሁ፤ መጽሐፍ መደብሮቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ካጣሁ፣ ከዚያ በረሃ የተመለሰ ወንድ ልጅ መርሳ ውስጥ አይጠፋም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ የነገረኝን ራሴ እጽፈዋለሁ።